ከጌሾው ጆንያ ኋላ

«አንቺ ብቻ አርፈሽ ተቀመጪ፤ ጥንስሱን እኔ ጨርሼልሻለሁ» አለች የብርጓል፣ ከየሺመቤት ጆሮ ሥር ተንበርክካ።

የየሺመቤት ባል ሠልስት ነበር፣ ቅዳሜ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ እንደገና መሙላት ጀምሯል። የሺመቤት፣ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ለሚላት ሁሉ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። የብርጓልን ቀና ብላ አየቻት። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላለች፤ ክንዷ ላይ አንድ እርጥብ ቅጠል ተለጥፏል፤ ጌሾ ጌሾ ትሸታለች።

«የቱን ጥንስስ?»

«ጓዳ ያለውን ነዋ! ሰማያዊው በርሜል። ምስኪን፣ ብቅሉንና ውሃውን አድርገሽ ጌሾውን ሳትጨምሪ ጉዱ ደረሰብሽ። ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሎ ባየው ጊዜ አንጀቴ ተላወሰ። ከጆንያው ሦስት እፍኝ ዝቄ ጨመርሁበት። ለአርባው ይደርስልሻል፤ እሱን አታስቢ።»

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ የብርጓልን ደግነት የሚጠራጠር ሰው የለም። የእድሩ ሴቶች አለቃ ናት፤ ሰው ሲሞትባችሁ ድስታችሁ የት እንዳለ ከእናንተ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ችግሩ ደግነቷ ከእሷ ቀድሞ መሮጡ ነው።

የሺመቤት ከፍራሹ ተነሣች። ባለ ሐዘን በሠልስቷ እንዲያ ብድግ ስትል ያዩ ሴቶች «ምን ሆነች?» ተባባሉ። እሷ ግን ማንንም ሳታይ ወደ ጓዳ ገባች። የበርሜሉ ክዳን ተንጋዶ ተቀምጧል። ከፈተችው። ነጣ ካለው፣ እርጎ እርጎ ከሚመስለው መጠጥ ላይ የጌሾ ቅጠል እንደ ልቡ ይንሳፈፋል። እስከ ሐሙስ ድረስ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ቤቱን ይሞላው የነበረው የብርቱካንና የድንብላል ሽታ የለም።

«ወልዴ!» ብላ ጮኸች። «ወልዴ! ጌሾ ጨመሩብህ!»

ድንኳን ያለው ሰው የሰማው ጩኸቷን ብቻ ነው፤ ቃሉን አልሰማም። ሌላ መርዶ መጣ ብሎ ሁሉም ብድግ አለና ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። አንድ ሽማግሌማ ደረታቸውን እየመቱ «አሁን ደግሞ ማን ነው?» እያሉ ነበር።

የሺመቤት ወንፊት አንሥታ ቅጠሉን መልቀም ጀመረች። የሚለቀመውን ለቀመች፤ የሟሟውን ግን ምን ታድርገው?

ባሏ ወልደ ሐዋርያት የአርሲ ሰው ነበር። ባሕር ዳር የመጣው በወጣትነቱ ነው፣ የኮሌጅ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኖ ተቀጥሮ። ቀጭን፣ ሸሚዙን በሙቀትም እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲስቅ ድምፁ ሳይሰማ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ሚስተር ዮስ የሚባል የቤልጅየም መምህር እዚያው ላቦራቶሪ ሁለት ዓመት ሠርቶ ነበርና ሲሄድ ሁለት ነገር ትቶለት ሄደ፤ አንድ ብልቃጥ እርሾና አንድ ገጽ ወረቀት። ወልደ ሐዋርያት እርሾውን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጠመቃ ወደ ጠመቃ እያሸጋገረ በፍሪጅ ሲያኖረው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ብልቃጡን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ቤት ለቤት ይንቆራጠጥ ነበር። ልጁ ፀደንያ ኩፍኝ በያዛት ጊዜ እንኳ እንዲያ አልተጨነቀም ብላ የሺመቤት ትከሰዋለች። ውሸቷን ነው፤ ያኔም ተጨንቋል።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መጀመሪያ ያነበበላት ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችው። ግማሹ የገብስ ብቅል፣ ግማሹ ያልበቀለ ስንዴ፣ ድንብላል፣ የኮምጣጣ ብርቱካን ልጣጭ።

«ያልበቀለ? ስንዴ ሳይበቅል ገንፎ ነው፤ ዳቦ ነው፤ ንፍሮ ነው። መጠጥ ሆኖ አያውቅም።»

«ይሆናል፣ የሺዬ። ቢራ ይሆናል።»

«ጌሾውስ?»

«ጌሾ የለውም። የፈረንጁን ጌሾ ትንሽ ቆንጠር አድርጌ ጣል አደርግበታለሁ።»

«ጌሾ የሌለው ጠላ! አንተ ሰው፣ በጤናህ ነው?»

«ጠላ አይደለማ። ጌሾ ከገባበትማ ያንቺ ሆነ።»

እሷ ከባሕር ዳር አጠገብ ያለችው የዘንዘልማ ልጅ ናት። ጠላዋን ለማመስገን የማኅበር ሰው ቃል ያጥረዋል፤ ሠርግ ያለበት ቤት ሙሽራዋን ሳያይ እሷን ይቀጥራል። ለእንዲህ ያለች ሴት ባል ላቦራቶሪ ለላቦራቶሪ ሲዞር ኖሮ «መጥመቅ ላስተምርሽ» ሲላት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የመጀመሪያው ጠመቃ ጉድ ነበር። ገብስ ገለባ አለው፤ ውሃ በመሐሉ ሾልኮ ይወርዳል። ስንዴ ግን ራቁቱን ነው፤ ተሰብሮ ሲቀቀል እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ወልደ ሐዋርያት ሸሚዙን እንደ ቆለፈ በማጥለያው ጨርቅ ላይ አጎንብሶ አንድ ሰዓት ጠበቀ። ጠብ የሚል የለም።

«ሰሐን ላምጣልህ? በቅቤና በበርበሬ እንበላዋለን» አለችው። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችበት። ቀና ብሎ ሲያያት ግን ፊቱ የልጅ ፊት መሰላት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጣች። ከፎገራ ሩዝ እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤት ነበረቻት፤ ከእሷ አንድ ፌስታል የሩዝ ገለባ ለምና ተመለሰች።

«እንካ፣ ይኼን አጥበህ ቀላቅልበት። እህሉ ገለባ ከሌለው ተበድረህ ስጠው እንጂ!»

ቀላቀለው። ትንሽ ቆይቶ መጀመሪያ ጠብ፣ ከዚያ ቀጠን ብሎ እንደ ክር መውረድ ጀመረ። ወልደ ሐዋርያት ዞሮ ሳማት፣ በዱቄት እጁ፣ ሁለቱንም ጉንጯን።

ከዚያ ወዲህ ብቅሉን የምታበቅልለት እሷ ሆነች። ገብሱን ነክራ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ሲበቅል ሳትቆላው በፀሐይ ብቻ ታደርቅለታለች፤ ነጭ እንዲሆንለት። ልጣጩን ደግሞ ቡርሀን ያመጣል። ቡርሀን የሐይቁ ዳር ጀልባ ሠሪ ነው፤ በጀልባው ከዘጌ ኮምጣጣ ብርቱካን ጭኖ፣ ልጦ፣ ከሥራ ቦታው ጣሪያ ላይ አድርቆ በጨርቅ ከረጢት ያቀብለዋል። እሱ መጠጥ በአፉ አይዞርም። «ብርቱካን አልተከለከለም፤ ከዚያ በኋላ የምታደርጉትን እናንተ ታውቃላችሁ» ይል ነበር።

እና ወልደ ሐዋርያት ቢራው በደረሰ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ይመጣል። «ቅመሽልኝ።»

«እኔ? ጠላዬ እያለልኝ የፈረንጅ ገንፎ?»

ሃያ ዓመት። አንድም ቀን ከእጁ ተቀብላ አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያደረገ ነበር። አንዱን አድርጓል። ሻይ ይዛ ስትመለስ ሁለተኛውን በእጁ እንደ ያዘ ጋደም ብሎ አገኘችው። በርሜሉን የጠመቀው እሑድ ነው፤ ገና አራት ቀኑ።

የብርጓል ያደረገችውን ከፀደንያ ስትሰማ ውጭ የተደፋ ብረት ድስት ላይ ቁጭ አለች።

«ውይ በሞትሁት! የሱ ነው እንዴ? ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ፤ እኔ ነኝ! ወይኔ የብርጓል!» ፊቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ ፀደንያ ያዘቻት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ አልገባችም። ጠዋት ትመጣለች፣ ውጭ ሰሐን ታጥባለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ማታ በጓሮ በር ትሄዳለች። የብርጓል ድምፅ የሌለበት ልቅሶ ቤት ለሰፈሩ ሰው ግር አለው። «በበርሜል ተጣሉ አሉ» እየተባለ ይንሾካሾካል። «ጡር አይፈሩም? በሐዘን መሐል?» የሚሉ አሉ። «ተዪያት፣ ሐዘን መውጫ ይፈልጋል» የሚሉም አሉ።

በስድስተኛው ቀን ንፍሮ በሰፌድ ዞረ። የሺመቤት እፍኝ ወስዳ መቆርጠም ስትጀምር ቆም አለች። የስንዴውን መልክ አወቀችው፤ ነጭና ድቡልቡል። ወልዴ ለሚቀጥለው ጠመቃ ብሎ ያስቀመጠው ነው። ሴቶቹ ጓዳ አግኝተው ቀቅለውታል።

«አየህ፣ ንፍሮ ነው ብዬህ ነበር» አለች በሹክሹክታ። አጠገቧ የነበረችው ሴት እያለቀሰች መስሏት ጀርባዋን አሻሸችላት። የሺመቤት እየሳቀች ነበር፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ንፍሮውን ግን አንድም ሳታስቀር በላችው።

ያን ዕለት ሰው ገለል ሲል ፀደንያ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሐዋሳ ነው የምታስተምረው፤ መርዶውን የሰማችው በስልክ ነው።

«እማዬ፣ በርሜሉን ልድፋው? ጓዳ በገባሽ ቁጥር ፊትሽ እየተለዋወጠ…»

«እጅሽን እንዳታሳርፊበት!»

«ተበላሽቷል እኮ።»

«ቢበላሽም የእጁ መጨረሻ ነው» አለች የሺመቤት። ነጠላዋን ጠቀለለች፣ ፈታች። «ፀዲ፣ አንድ ቀን እንኳ ጣፈጠኝ ብዬው አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ በብርጭቆ እየያዘ ደጅ ጠናኝ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ነፈግሁት።»

«አብዬ ቀልድሽን ይወደው ነበር። ያውቅ ነበር እኮ።»

«ምኑን ያውቃል? ቀምሼለት ባላውቅ ምኑን ያውቃል!» አለችና ፊቷን አዞረች። ለልጇ ያልነገረቻት ነገር ነበር።

ጉዱ እንዲህ ነው። የሆነ ዓመት መጋቢት ላይ፣ ፀሐዩ ሰው በሚያቃጥልበት ቀን፣ ጌሾ ልትዝቅ ጓዳ ገባች። ከጆንያው ኋላ አንድ የታሸገ ጠርሙስ ተደብቆ አገኘች። ወልዴ ሲደረድር ረስቶት ነው ብላ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ቤት አልነበረም። ጥሟታል። ጠርሙሱ ከጓዳው ጨለማ ቀዝቅዟል። በማንኪያ ቆርኪውን ፈልቅቃ ቆማ ቀመሰችው። ብርቱካኑ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፤ ስንዴው ምላሷ ላይ ለሰለሰ። እስከ አተላው ጨለጠችው። ከዚያ እንደ ሌባ ጠርሙሱን አጥባ ከባዶዎቹ መሐል ሸሸገችው።

በሚቀጥለውም ጠመቃ አንድ ተረስቶ አገኘች። በሚቀጥለውም። ዝንጉ ባል አግብቼ እያለች ትጠጣለች። እንዲያውም አንድ ዓመት ሑዳዴ ሲገባ ኅሊናዋ ቆርቁሯት ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ ኪዳን «ሰርቄ ጠጣሁ» ብላ ተናዘዘች። «የማንን?» አሏት። «የባሌን።» አባ ገብረ ኪዳን ብዙ አሰቡና «ሰግደሽ ተዪው» አሏት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት ግን እንዳይስቁ ነበር። ባሏን ፊት ለፊት ያን ሁሉ ከተናገረችው በኋላ እንዴት ብላ «ጣፍጦኛል» ትበለው? አፏን ሞልታ የሰደበችውን እንዴት አፏን ሞልታ ታመስግነው? ነገ እነግረዋለሁ፣ ለፋሲካ እነግረዋለሁ፣ ስናረጅ እነግረዋለሁ ስትል ነው ሐሙስ የመጣው።

የአሥራ ሁለቱ ዋዜማ እሑድ ነበር። ቡርሀን በጓሮ በር መጣ፣ አንድ ነገር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ። በየቀኑ ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ሲቀመጥ ነው የሰነበተው፤ ወደ ጓዳው በኩል ሲመጣ ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ከደፉ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

«አላህ ያጽናሽ፣ እቴ የሺመቤት። ይኼን ላደርስ ነው።» ከረጢቱን ፈታው። የወልደ ሐዋርያት የቆርኪ መምቻ ነው፤ እጀታው በአዲስ እንጨት ተተክቷል። «ተሰብሮበት ለኔ ሰጥቶኝ ነበር። ‹ለሁለተኛው እሑድ አድርስልኝ፤ ጠርሙስ የምሞላው ያን ቀን ነው› ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነው። ቃል ቃል ነው ብዬ መጣሁ።»

የሺመቤት እጀታውን ዳሰሰችው። ልስልስ ብሎ ተልጓል።

«ምን ይሠራል፣ ወንድሜ? የብርጓል ጌሾ ጨምራበታለች።»

«ሰምቻለሁ። ቅመሺውና ንገሪኝ። ከጣፈጠ ይታሸጋል፤ ከኮመጠጠ ይደፋል፤ እሱ እንዲያ ነበር የሚለው። እኔማ አልቀመስሁትም እንጂ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰማ ኖርሁ፤ ስኳሩን፣ እጥበቱን፣ የቀኑን ነገር ሁሉ በልቤ ይዤዋለሁ።»

«የሱን ጣዕም በምን አውቄ ልንገርህ? ቀምሼለት አላውቅም።»

ቡርሀን መሬት መሬት እያየ ጢሙን ዳበሰ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ፣ ልቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሶ መለሰው።

«እቴ፣ ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ እንጂ… ከጌሾው ጆንያ ኋላ ያለችዋስ?»

የሺመቤት ዞራ ጆንያውን አየችው።

«ጠርሙስ በሞላ ቁጥር ወደ ሥራ ቦታዬ ይመጣና ‹ዛሬም አንዷን ረሳኋት› ይለኛል፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። የላቦራቶሪውን መለኪያ ከተወው ስንት ዘመኑ! ‹ያቺ ጠርሙስ ታጥባ ከባዶዎቹ መሐል ከተገኘች ጠመቃው ሰምሯል፤ ግማሿ ከቀረች አንድ ነገር አጉድያለሁ› ነበር የሚለው። አንዴ ድንብላሉን አብዝቶ ግማሿን ትተሻት፣ ሳምንቱን ሙሉ ተክዞ ከረመ።»

«ያውቅ ነበር?» አለች የሺመቤት። ጠጋ ብላ ደግማ ጠየቀች። «ቡርሀን፣ ያውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው መጋቢት ጀምሮ። ‹ለምን አትነግራትም?› ብለው፣ ‹ከነገርኋት መስረቋን ትተወዋለች› አለኝ።»

«አንተ ወልዴ!» አለች፣ ወደ በርሜሉ ዞራ። «ሌባ አደረግኸኝ እኮ! ሰግጄበታለሁ እኮ፣ አንተ ሰው!» ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። ፀደንያ ጩኸት ሰምታ እየሮጠች ስትገባ እናቷ ጓዳ ውስጥ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አገኘቻት፤ ምን እንደ ነካት ግራ ገባት።

«ብርጭቆ አምጪ» አለቻት። «የሱን።»

ከበርሜሉ ቀዳች። ቆማ አይደለም፣ ቁጭ ብላ፣ ሰው እያያት ጠጣች። መጀመሪያ ጌሾው ነው የመጣው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ምሬት። ፊቷን ቋጠር አደረገች። ከዚያ ከምሬቱ ሥር ብርቱካኑ ብቅ አለ፣ ቀስ ብሎ። ስንዴውም ምላሷ ላይ እንደ ዱሮው ለሰለሰ። የሱ አይደለም፤ የሷም አይደለም። ድጋሚ ጠጣች።

«ምን ይላል?» አለ ቡርሀን።

«ጣፈጠኝ» አለች። ጮክ ብላ ነበር፤ ድንኳን ያሉት ሁሉ ሰሙት። «ወልዴ፣ ጣፈጠኝ።»

ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ ጓሮው በር ሄደች። የብርጓል ሰሐን ላይ አጎንብሳለች።

«የብርጓል! ተነሺ፣ እጅሽን ታጠቢ። ጌሾውን የጨመርሽ አንቺ፣ ቆርኪውን የምትመቺም አንቺ ነሽ።»

የብርጓል ቀና ብላ አየቻት። «ይቅር ብለሽኝ ነው?»

«እሱን ጠጥተሽ ትጠይቂኛለሽ። ነይ ወዲህ!»

ቡርሀን ከደፉ ሳይነሣ እየነገራቸው ሠሩት። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ አጠቡ። ፀደንያ በየጠርሙሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር አደረገች፤ የሺመቤት ቀዳች። «እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሁለት ጣት ይቅር» ይላል ቡርሀን፤ «ይታፈንበታል ይለኝ ነበር።» የብርጓል በጉልበቷ ቆርኪውን ስትመታ መጀመሪያ ሁለት ጠርሙስ ሰበረች፤ ከዚያ እጇ ለመደ፤ ድምፅዋም ተመለሰ። «ይኼ ለአርባው ነው? ካህናቱ ምን ይሉ ይሆን? ጠላ በቆርኪ!» ስትል ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው እፎይ አለ። ከበርሜሉ ሥር የቀረውን እርሾ ፀደንያ በብልቃጥ ቀድታ ፍሪጅ አስገባችው። እንዲያ አድርጊ ያላት ግን የለም።

ቀኑ ሲመሽ ከእንፍራንዝ የመጡ ዘመዶች በር ላይ ልቅሶ ጀመሩ። የብርጓልና ፀደንያ ሊቀበሏቸው ወጡ። ቡርሀንም ሊሰናበት ተነሣ።

የሺመቤት ጓዳ ብቻዋን ቀረች። የጌሾው ጆንያ በሦስት እፍኝ ጎድሎ ወደ ጎን ዘመም ብሏል። አቃናችው። ሰው እንዳያያት ግራ ቀኝ ገላመጠች፤ ከዚያ ከተደረደሩት አንዷን ጠርሙስ አነሣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለቻት፣ ከጆንያው ኋላ ገፋ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«ይቺን ረሳኋት» አለችና ወደ ፍራሿ ተመለሰች።